ትልልቅ አርሲ (በሪሞት የሚነዳ) መኪና ለምትሰበስቡ፦ ከመኪናው ይልቅ ጓደኛውን እንዴት እንዳቆየን

ይሄን የምጽፈው ትልልቁን አርሲ መኪና ጀምራችሁ ብቻችሁን ለምትታገሉ ነው፣ በተለይ እንደኔ በሰው ሀገር ከስራ መልስ ጋራዥ ውስጥ ገብታችሁ ቡሎን ስትፈቱ ለምታመሹ። ትልቅ ስል ሱፐርማርኬት መደርደሪያ ላይ ያለውን የልጆች መጫወቻ አይደለም። 1/5 ስኬል የሚባለውን ነው፣ የእውነተኛው መኪና አንድ አምስተኛ ማለት ነው፣ እነ ኤችፒአይ ባጃ፣ ሎሲ ፋይቭ ቲ፣ ትራክሳስ ኤክስ ማክስ። ሎሲው 15 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ ኤክስ ማክሱ ስምንት ኪሎ ተኩል አካባቢ ነው ግን በባትሪ በሰዓት 80 ኪሎሜትር ይሄዳል። ሐበሻ ቤት መጥቶ ሲያየው መጀመሪያ የሚጠይቀው "ለልጅህ ነው?" ብሎ ነው። አይ የኔ ነው ስትለው ዋጋውን ይጠይቃል፣ ዋጋውን ስትነግረው ደግሞ ዞር ብሎ ሚስትህን ያያታል።

እኔ ኦሮራ ኮሎራዶ ነው የምኖረው፣ ዴንቨር ጥግ። እዚህ ሐበሻ ሞልቷል ግን ይሄን ነገር የሚወድ ሐበሻ በመብራት ፈልጋችሁም አታገኙም፣ ያገኘሁት አንድ ነው፣ እሱንም በአጋጣሚ። ባጃዬን ያገለገለ ከፍሎሪዳ ነው ያስመጣሁት፣ ሻጩ ቪዲዮ ልኮልኝ እዛ ባህሩ አጠገብ እንደ ጉድ ሲበር አይቼዋለሁ። ኦሮራ ሲደርስ ግን ይነሳል፣ ጭስ በጭስ ይሆናል፣ ቤንዚን ስትሰጠው እህህህ ብሎ ይጠፋል። አንድ እሁድ ባዶ ፓርኪንግ ላይ ገመዱን እየጎተትኩ ትከሻዬ ሊወልቅ ሲል ከአንዲት አሮጌ ቶዮታ ውስጥ ፂሙ የሸበተ ሰውዬ ወረደና በአማርኛ "ነዳጅ በዝቶበታል እኮ፣ አይሰማህም?" አለኝ። ሰላምታ የለ ምን የለ። አዲስ አበባ እያለ ስንት አመት ኤንትሬ የጭነት መኪና ሲጠግን የኖረ መካኒክ ነው፣ እስካሁን ጋሼ ነው የምለው።

ነገሩ እንዲህ ነው፣ ብዙ ሰው ስለሚቸገርበት ልንገራችሁ። የነዚህ የቤንዚን መኪኖች ሞተር መሰረቱ የሳር ማጨጃ ሞተር ነው፣ የጃፓኑ ዜኖዋ በዚህ የታወቀ ነው፣ ባለ ሁለት ምት ሆኖ ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ የሚገባ። ዴንቨር ከባህር ጠለል 1,600 ሜትር ላይ ናት፣ አየሩ ከባህር ዳርቻው በ17 ፐርሰንት ገደማ ይሳሳል፣ ስለዚህ ፍሎሪዳ ላይ የተስተካከለ ካርቡራቶር እዚህ ሲመጣ አየሩ ሳስቶ ቤንዚኑ እንደነበረ ይቀራል፣ ይታፈናል። ካርቡራቶሩ ላይ ሁለት ብሎኖች አሉ፣ ኤል የምትለዋ ለሚኒሞና ለመነሻ፣ ኤች የምትለዋ ለሙሉ ፍጥነት። ጋሼ ከኪሱ ትንሽ ካቻቢቴ አወጣ (ለምን ኪሱ ውስጥ እንደያዘ እስካሁን አልገባኝም) ኤቿን ወደ ቀኝ በአንድ ስምንተኛ ዙር እያጠበቀ፣ አስነስቶ እያዳመጠ፣ እንደገና እያጠበቀ፣ መጨረሻ ላይ ካንዴላውን ፈትቶ አሳየኝ። የቡና ቀለም ሆኖ ሳሳ ካለ ደህና ነው፣ ጥቁርና እርጥብ ከሆነ ቤንዚን በዝቷል፣ ነጭ ከሆነ ደግሞ ሩጡ፣ ፒስተኑ ሊነክስ ነው። በተለይ ከኛ ዘንድ መኪና ገዝታችሁ ወደ ሜሪላንድ ወይ ሂውስተን የምትወስዱ ልጆች፣ ከመሮጣችሁ በፊት ኤቿን መልሳችሁ አላሏት፣ እዚህ የጠበቀው ታች ሲወርድ ቤንዚን ያንሰዋልና ሞተሩን ይበላዋል።

ከዛ ቀን በኋላ ጋሼ በየእሁዱ ከቤተክርስቲያን መልስ ይመጣ ጀመር፣ መጀመሪያ ለማየት ነበር፣ ሁለት ወር ሳይሞላው የራሱን ሎሲ ገዛ። ልጆቹ እስካሁን እኔን ነው የሚወቅሱኝ።

አሁን አብረውን የሚነዱትን ሌሎቹን ጓደኞች ያገኘናቸው በአንድ ሽማግሌ አሜሪካዊ በኩል ነው። ጡረታ የወጣ የመብራት ሰራተኛ ነበር፣ ጋራዡ ሙሉ መደርደሪያ፣ ከነካርቶናቸው የተቀመጡ የጀርመን ኤፍጂዎች ሳይቀሩ ነበሩት። እሱ የነገረኝ አንድ ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣም። ድሮ አሜሪካ ውስጥ የመሬት መኪና ሪሞት የሚሰራው በ27 እና በ75 ሜጋኸርዝ ነበር፣ ሁለት ሰው በአንድ ቻናል ላይ ከበራ አንዱ የሌላውን መኪና ይቆጣጠረዋል፣ ማለትም መኪናህ ሰው ጋ ሄዶ ይጋጫል። ስለዚህ ሜዳ ስትደርስ ሪሞትህን ከማብራትህ በፊት ግዴታ ዞረህ ሁሉንም "በየትኛው ቻናል ነህ?" ብለህ ትጠይቃለህ፣ የቻናሉን መቆንጠጫ ከቦርዱ ላይ ወስደህ አንቴናህ ላይ ትሰካለህ፣ 27ቱ ላይማ ቻናሎቹ በቀለም ነበሩ፣ ቡናማ ቀይ ብርቱካን እያለ እስከ ሰማያዊ። አሁን ሁሉም 2.4 ጊጋኸርዝ ሆኗል፣ ሪሞቱ ከራሱ መኪና ጋር ብቻ ይተዋወቃል፣ ማንም ማንንም አይጠይቅም። ሰውዬው "በዛ ጊዜ መተዋወቅ ግዴታ ነበር፣ አሁን በፈቃድ ነው" ይል ነበር። እውነቱን ነው፣ አሁን ሜዳ ሄዳችሁ አራት ሰው በአራት ማዕዘን ቆሞ ሳይነጋገር የየራሱን ሲነዳ ታያላችሁ። ስለዚህ ለጀማሪ የምመክረው የመጀመሪያ ነገር ሂዱና ጠይቁ ነው፣ "ቆንጆ መኪና ነው" አትበሉ፣ እሱ ወሬ አይወልድም፣ "ዲፉ ውስጥ የስንት ዘይት ነው የሞላኸው?" በሉት (ዲፍ ኃይሉን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያካፍለው ማርሽ ነው)፣ ሰው ዘይቱን ከተጠየቀ እስኪመሽ ያወራል።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። ጓደኝነት በዚህ ነገር ውስጥ የሚበላሸው በጸባይ አይደለም፣ በፓርትና በገንዘብ ነው፣ ሰው አፍሮ አስቀድሞ ስለማያወራው። እኛ ሐበሾች ደግሞ ይሄ ላይ የባሰብን ነን፣ "ኧረ ተወው በኛ መሃል" እንላለን፣ ከዛ በሆዳችን እንይዛለን።

እኛ መሃል የተፈጠረው እንዲህ ነው። አንዱ ልጅ ኤክስ ማክሱን ከመሃላችን ላለ አንድ የኤልሳልቫዶር ልጅ አንድ ባትሪ ንዳ ብሎ ሰጠው። እሱ ደግሞ ለእህቱ ልጅ አቀበለ፣ የአስራ አንድ አመት ልጅ፣ ሙሉ ጋዝ ሰጥቶ ከጠርዝ ድንጋይ ጋር አላተመው። የፊት ክንዶቹ ተሰበሩ፣ ዲፉን የሚይዘው ነገር ተሰነጠቀ፣ ሰርቮውም (ጎማውን ግራና ቀኝ የሚያዞረው ትንሽ ሞተር) ጥርሱን ጨረሰ። ባለቤቱ ምንም አይደለም አለ፣ ያኛውም ምንም አይደለም ሲባል እውነት መሰለውና ዝም አለ። ሶስት ሳምንት ሁለቱም አልመጡም። አንዱ ስራ በዛብኝ ይላል አንዱ አሞኝ ነው ይላል። በስተመጨረሻ ጋሼ ሁለቱንም ቤቱ ጠራቸው፣ ሚስቱ ቡና አፈላች፣ ያ የኤልሳልቫዶር ልጅ ሶስተኛው ሲኒ እስኪያልቅ ዋናው ወሬ እንደማይነሳ አያውቅም፣ ተጨንቆ ሞተ። ከሶስተኛው በኋላ ጋሼ ፈረደ፦ ሪሞቱን የያዘ ሰው ወይም ያስያዘ ሰው የፓርቱን ይከፍላል፣ ባለቤቱ ጉልበቱን ይችላል፣ አብረው ቁጭ ብለው ይጠግናሉ። ሰርቮው ግን ድሮም ያረጀ ስለነበር እሱ ባለቤቱ ላይ ነው። ሁለቱም ደስ አላቸው፣ እንደውም አብሮ መጠገኑ ነው ያስታረቃቸው፣ ከዛ ወዲህ የማይነጣጠሉ ሆነዋል።

ያንን ነገር ህግ አደረግነው። ስትሰጡም ስትቀበሉም ጮክ ብላችሁ በሉት፣ "ከሰበርክ ፓርቱ ያንተ፣ ለሌላ አታቀብል።" ነውር የለውም። እንደውም አዲስ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የምንነግረው እሱን ነው፣ ፊቱ ፈታ ይላል፣ ምክንያቱም እሱም ልቡ ውስጥ የያዘው ፍርሃት እሱ ነበር።

መሸጥ ሌላው ነው። ለጓደኛ የሚሸጥ መኪና ችግሩ በሙሉ ይነገራል፣ ኩሽኔታው የሚጮኸው፣ ፍሪሲዮኑ የሚያንሸራትተው፣ አንድ ጊዜ ውሃ የገባበት፣ ሁሉም። ዋጋ ላይ ደግሞ ለጓደኛ ብላችሁ ከልክ በላይ አትቀንሱ፣ ይሄ የኔ ብቻ አስተያየት ነው ብዙ ሰው አይስማማም፣ ግን በጣም የረከሰ ነገር የገዛ ሰው ነገ ሲሸጠውና ሲያተርፍ ስታዩት ይቆጫችኋል፣ እሱም ስታዩት ይሳቀቃል። ኢቤይ ላይ "የተሸጠ" የሚለውን አጣርታችሁ በእርግጥ የተሸጠበትን ዋጋ እዩ፣ ሻጭ የለጠፈው ዋጋ ምኞት ነው። ከዛ ላይ የፖስታውን ብቻ ቀንሱለት፣ በቃ።

ደግሞ አንድ የጠቀመን ነገር፣ ሁላችንም የባትሪ መሰኪያችንን አንድ አይነት አደረግን፣ ኤክስቲ90። ለሁለት ቀን ሶልደር ስናደርግ ጋራዡ ጢስ ሆኖ ነበር ግን አሁን የማንም ባትሪ የማንም መኪና ላይ ይገባል፣ የማንም ቻርጀር የሁሉም ነው። የቤንዚኖቹንም ሞተር ወደ አንድ አይነት አመጣናቸው፣ ካንዴላ፣ የካርቡራቶር ጎሚኒ፣ የመጎተቻ ገመድ፣ ማርሚታ ሳይቀር እርስ በርስ ይዋዋሳል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው እዚህ ላይ በትክክል ይሰራል፣ ፓርት በአንድ ትእዛዝ ስናዝዝ የማጓጓዣውን እንካፈላለን፣ አንድ ሰው ቤቱ ውስጥ ሶስት ትርፍ ዲፍ ማስቀመጥ አይጠበቅበትም።

ቤንዚኑን እንኳን አንድ ላይ ነው የምንበጠብጠው፣ 25 ለ 1፣ ለአንድ ሊትር ቤንዚን 40 ሚሊ ሊትር የሁለት ምት ዘይት፣ ጄሪካኑ ላይ ቀኑን እንጽፍበታለን። ክረምት ሲመጣ ታንኩን እናደርቃለን ምክንያቱም እዚህ ማደያ የሚሸጠው ቤንዚን ኢታኖል አለበት፣ ከርሞ የካርቡራቶሩን ጎሚኒ ያደርቀዋል። በጋ ላይ ደግሞ ሳሩ ደርቆ የእሳት ክልከላ ሲወጣ ቤንዚን የሚባል አናስነሳም፣ ባትሪ ብቻ። ቅር የሚለው ሰው አለ፣ ይበለው።

ስለ አደጋ ልበል፣ አጭር ነው ግን ቀልድ አይደለም። 15 ኪሎ የሚመዝን ነገር በሙሉ ፍጥነት ሰው እግር ላይ ቢያርፍ አጥንት ይሰብራል። እኛ ጋ ማንም ሰው ማንንም "ፌይልሴፍህን አሳየኝ" ማለት ይችላል (ፌይልሴፍ የሪሞቱ ሲግናል ሲጠፋ መኪናውን የሚያቆመው ነው)፣ አስራ ስምንት አመት የነዳውም ይጠየቃል። ጎማዎቹ መሬት ሳይነኩ መኪናውን ማቆሚያ ላይ ታስቀምጡና ሪሞቱን ታጠፋላችሁ፣ ጋዙ ወደ ዜሮ ወይም ወደ ፍሬን መሄድ አለበት፣ ካልሄደ ያ መኪና ዛሬ አይነዳም። ቤንዚን ከሆነ ለብቻው ሞተር ማጥፊያ ኪልስዊች ይግባበት። በዚህ የሚቀየም ጓደኛ ካለ ቀድሞውንም ጓደኛ አልነበረም።

አዲስ አበባ ያለ አንድ ልጅም አለን፣ በቴሌግራም ድምፅ ነው የተዋወቅነው፣ አሁን ከአንዳንድ ዘመዴ በላይ አወራዋለሁ። እዛ ሱቅ ገብተህ የምትገዛው ፓርት ስለሌለ የሚሄድ ሰው ሲገኝ እንልክለታለን። ለምታደርጉት ሰዎች፣ ሊፖ (ሊቲየም ፖሊመር) ባትሪ የሚጫን ሻንጣ ውስጥ አይገባም፣ በእጅ ነው የሚያዘው፣ እያንዳንዱም ከ100 ዋት ሰዓት መብለጥ የለበትም፣ ከዛ በላይ እስከ 160 ላለው አየር መንገዱን ማስፈቀድ አለ፣ ከ160 በላይ ግን አይፈቀድም። ሂሳቡ ቀላል ነው፣ ቮልቱን በአምፕ ሰዓቱ አባዙ፣ 4ኤስ ማለት አራት ሴል፣ 14.8 ቮልት ነው፣ 5000 ሚሊአምፕ (5 አምፕ ሰዓት) ከሆነ 74 ይመጣል፣ 6700ው 99 ሆኖ ለትንሽ ያልፋል። ጫፎቹን በፕላስተር ሸፍኑ፣ እያንዳንዱን በየራሱ ፌስታል አድርጉ። ደግሞ የሚሄደውን ሰው አስቀድማችሁ በግልጽ ንገሩት፣ እናቱን ሊያይ የሚሄድ ሰው ሻንጣው ውስጥ ምን እንዳለ ሳያውቅ ቦሌ ላይ እንዲጠየቅ አታድርጉት። ነዳጅ የነካው ሞተርማ አትሞክሩት፣ ሽታው ብቻ ያስይዛችኋል። ልጁ የመጀመሪያውን ሞተር ሲያስነሳ ጋሼ በቪዲዮ ነበር ያስተካከለለት፣ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ሩብ ያህል ይጎድላል፣ ከዴንቨርም በላይ ማጥበቅ ነበረበት። "ወደ ቀኝ... ትንሽ... ቆይ ቆይ አዳምጠው" እያለ፣ እዛ ውሻው ይጮሃል፣ እዚህ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ሆኗል።

ባለፈው አመት ያ ሽማግሌ አሜሪካዊ አረፈ። ይሄን ክፍል ነው በደንብ እንድታነቡልኝ የምፈልገው ምክንያቱም ሰብሳቢ ሁሉ ይደርስበታል፣ ማንም ግን አያወራውም።

ቀብሩ ላይ ተገኘን፣ ጋሼ ለቅሶ እንደ ሀገራችን ነው ብሎ በሶስተኛው ቀን ምግብ ይዘን እንድንሄድ አደረገ፣ የሟች ሚስት መጀመሪያ ግራ ገባት፣ በኋላ ግን እስኪመሽ አላስወጣችንም። ከወር በኋላ ደወለችልኝ፣ አንድ ሰው መጥቶ ጋራዡን በሙሉ በአንድ ሺህ ዶላር ልውሰድልሽ ብሏታል። እዛ ውስጥ ያለው አንዱ መኪና ብቻውን ከዛ በላይ ያወጣል። ቆይ አትሽጪ አልኳት።

እዚህ ላይ ፈተናው የኛ ነበር። ሁላችንም እዛ መደርደሪያ ላይ አይናችን ያረፈበት ነገር አለ፣ አልዋሽም፣ እኔ አንዱን ኤፍጂ ለስንት ጊዜ ስመኘው ኖሬያለሁ። ስለዚህ አስቀድመን ተነጋገርን፣ ማንኛችንም ዋጋ አናወጣም፣ በሌላ ከተማ ያለ እኛን የማያውቅ አርሲ ነጋዴ ፎቶ አይቶ ያውጣ፣ እኛ ዝርዝሩንና ጉልበቱን ብቻ እንስራ። ከኛ መሃል የሚገዛ ካለ ነጋዴው ባወጣው ዋጋ፣ ያለ ቅናሽ፣ ያውም ውጪ ላለ ሰው ለሽያጭ ቀርቦ ሁለት ሳምንት ከቆየ በኋላ። ትንሽ ያበዛነው ይመስላል አውቃለሁ፣ ግን እንደዛ ባይሆን ኖሮ እርስ በርስ እንጠራጠር ነበር፣ ሴትየዋም አንድ ቀን ትጠራጠር ነበር። ኤፍጂው ሳምንት ሳይሞላው ኦሃዮ ሄደ። ይሂድ።

ስራው ራሱ ወራት ፈጀ። ታንኮቹን ማድረቅ፣ ያበጡትን ሊፖዎች ለይቶ ወደ አደገኛ ቆሻሻ መቀበያ መውሰድ፣ ደህናዎቹን በሴል 3.8 ቮልት ላይ አድርጎ ማስቀመጥ። ከሁሉ የከበደን ግን ያልጠበቅነው ነገር ነው። ሪሞቶቹ! አንድ ሪሞት ሃያ መኪና ሚሞሪው ውስጥ ይይዛል፣ ሰውዬው ደግሞ በቁጥር ብቻ ነበር የሚለያቸው፣ ሞዴል 7 የትኛው ነው ሞዴል 12 የትኛው ነው ማንም አያውቅም። አንድ በአንድ እያበራን የየትኛው መኪና ጎማ እንደሚዞር እያየን ለየን። የትርፍ ፓርት ሳጥኖቹም እንደዛው፣ ያለ ጽሁፍ የተቀመጠ ክንድና ማርሽ የየትኛው መኪና እንደሆነ ማወቅ ሌላ ጣጣ ነው፣ መኪና ደግሞ ከነትርፍ ፓርቱ ሲሸጥ ዋጋው ሌላ ነው።

ከዛ ወዲህ ሁላችንም ዝርዝር ሰርተናል፣ ከባድ ነገር አይደለም፣ አንድ ደብተር ይበቃል። መኪናው፣ የተገዛበት ዋጋ፣ የት ሳጥን ውስጥ ፓርቱ እንዳለ፣ የሪሞቱ ሚሞሪ ቁጥር፣ ምን ችግር እንዳለበት፣ ለመሸጥ ለማን ይደወል። ኮፒው አንዱ ጓደኛ ጋ አንዱ ደግሞ ሚስት ጋ ይቀመጣል። ዋጋውን ሚስት እንዳታይ የፈራችሁ ካላችሁ (አላችሁ፣ አውቃችኋለሁ) በታሸገ ፖስታ አድርጋችሁ ለጓደኛው ስጡ፣ ጋሼ ያደረገው እሱን ነው። የጋሼ ፖስታ እኔ ጋ ነው ያለው፣ ላዩ ላይ በእስክሪብቶ "እኔ ሳልሞት የከፈተ ሎሲውን ጠግኖ ይመልሳል" ብሎ ጽፎበታል። የናንተን ስትሰሩ የባትሪዎቹን የተገዙበትን አመትም ጨምሩበት፣ እኛ እሱን ረስተን ነበር።